የመምህርት ጉልባራ ሻይ

ቡሩል የሞተችው ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ነው። ከዩኒቨርሲቲው የትምህርት ምርምር ክፍል ጀርባ ካለው የብረት ደረጃ ሥር ተደፍታ ሲያገኟት በረዶው ኮቷን መሸፈን ጀምሮ ነበር። በተራራማዋ የናሪን ከተማ በክረምት ሰው ተንሸራትቶ መሞቱ ብርቅ ስላልሆነ ማንም ብዙ አልደነገጠም። ሐኪሙ ግን ማጅራቷ ላይ ሁለት ምት አየ፤ ተንሸራትቶ የወደቀ ሰው ደግሞ ማጅራቱን ሁለቴ አይመታም።

መርማሪ ዳሪካ የተጠራችው ያን ጊዜ ነው። አምሳ ዓመት ያለፋት፣ ወሬ የማታበዛ ሴት ናት። አዛዧ ነገሩን በልቡ ጨርሶ ጠበቃት።

«አብራት የምትኖረውን ቺናራን አርብ አስራታለሁ» አላት። «ጠዋት ሲጨቃጨቁ ማደሪያው በሙሉ ሰምቷል። ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?»

«እስከ አርብ ያለውን ጊዜ» አለች ዳሪካ።

ቺናራ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ነበር። ሁለቱ በአንድ አማካሪ ሥር የዶክትሬት ጥናታቸውን እየሠሩ፣ ሦስት ዓመት አንድ ክፍል ኖረዋል። አላለቀሰችም። እጆቿ የሌላ ሰው ይመስል ጭኗ ላይ ዝም ብለው ተቀምጠዋል።

«ለምን ተጣላችሁ?»

«ዶክተር ሳማት የቡሩልን ጥናት በራሱ ስም አሳተመው፣ ኤጄ» አለች፣ ዳሪካን እንደ ታላቅ እህት እየጠራች። «ሦስት ክረምት መንደር ለመንደር ዞራ ከመምህራን የሰበሰበችውን ቃለ መጠይቅ፣ እኔው ነኝ የሰበሰብኩት ብሎ። ለዲኑ ክስ ልትሰጥ ስትል፣ የእኔም አማካሪ እሱ ነው፣ እኔንም ይዘሽኝ ገደል ልትገቢ ነው ብዬ ጮህኩባት።»

«ከዚያስ?»

«ዘጠኝ ሰዓት ላይ ክሱን በሰማያዊ ክላሰር ይዛ ወጣች። ደህና ዋይ እንኳ አላልኳትም።»

ሬሳው አጠገብ ክላሰር አልተገኘም። ዳሪካ ይህን ለራሷ ያዘችው።

ዶክተር ሳማት ጥቁር ከረባት አስሮ ነበር የተቀበላት።

«ማክሰኞ አሥር ሰዓት ላይ የት ነበሩ?»

«እላይ መንደር። ለጥናቱ የጎደለ ነገር ልጠይቅ ሄጄ እዚያው ዋልኩ።»

«ማን ጋ?»

«መምህርት ጉልባራ ጋ። ባሏ የሞተባት፣ የሦስት ክፍል ተማሪዎችን በአንድ ምድጃ ዙሪያ የምታስተምር ሴት ናት። ቦርሶክ የሚሉትን ትኩስ የተጠበሰ ሊጥ በቅቤ አቅርባ ሻይ አጠጣችኝ።»

«ደግ ሴት ናታ።»

«በጣም። በስልክ ግን አያገኟትም፤ በረዶው መስመሩን በጥሶታል።»

ማክሰኞ ከደረጃው አጠገብ ሲያጨስ የታየው ኤርኪን የሚባለው የስታቲስቲክስ አስተማሪ ነበር። ዳሪካ ኮሪደሩ ላይ አገኘችው።

«ሬሳ አላየሁም፣ ቀደም ብዬ ነው የገባሁት» አለ ሳትጠይቀው።

«የቡሩልን ጥናት አንብበኸዋል?»

«አንብቤዋለሁ። እኛ የቁጥር ሰዎች፣ ለጥናት የምንጠይቃቸውን ሰዎች አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብለን ነው የምንጠራቸው። እሷ አንጀቷ አልችል ብሏት ለእያንዳንዳቸው ስም አወጣችላቸው።»

«ስም አወጣች?»

«ማንነታቸው እንዳይታወቅ ነዋ። ለሰዎቹ የተገባ ቃል ነው። የእውነተኛ ስማቸው ዝርዝር ታሽጎ ነው የሚቀመጠው፤ እኛም አናየውም።»

ሐሙስ ዳሪካ በጭነት መኪና እላይ መንደር ወጥታ፣ አንዲት ሴት አነጋግራ ተመለሰች።

አርብ ጠዋት ቺናራን፣ ሳማትንና ኤርኪንን በስብሰባ አዳራሹ ሰበሰበቻቸው። አዛዡ ካቴናውን ቺናራ ፊት አኖረው። እሷም ማንኛውንም ዕቃ እንደሚያይ ሰው አየችው።

«እላይ መንደር ጉልባራ የምትባል መምህርት የለችም» አለች ዳሪካ። «ኖራም አታውቅም።»

«ስም ተሳስቼ ይሆናል» አለ ሳማት።

«አልተሳሳቱም። ባሏ የሞተባትን፣ በአንድ ምድጃ ሦስት ክፍል የምታስተምረውን አገኘኋት። ስሟ ሌላ ነው። ጉልባራ ያለቻት ቡሩል ናት፤ ስሙም ያለው ቡሩል ወረቀት ላይ ብቻ ነው። ሴትየዋ እርስዎን በዓይኗ አይታ አታውቅም።»

«ስሞቹ እንዲቀየሩ ያስተማርኳት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ። ግን ቤቷ ገብቶ ሻይ የጠጣ ሰው በስሟ ነው የሚጠራት። እርስዎ ከወረቀት ብቻ ስለሚያውቋት፣ ድንገት ስጠይቅዎ ሌላ ስም አልነበረዎትም።»

«ውሸት መናገር መግደል አይደለም።»

«አይደለም። ስለዚህ ዛሬ ጠዋት ቢሮዎን በፍርድ ቤት ፈቃድ አስፈተሽኩ።» ሰማያዊውን ክላሰር ከቦርሳዋ አወጣች። «መደርደሪያዎ ላይ፣ ቀን ተጽፎበት፣ በፊደል ተራ ተቀምጦ አገኘነው። ቡሩል ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይዛው የወጣችው ክስ ነው። ዲኑ ጋ ሳትደርስ ደረጃው ላይ ጠበቋት።»

«ምናለ ቢያቃጥለው» አለ ኤርኪን ለራሱ።

«መረጃ አይጣልም» አለ ሳማት፣ ተማሪ እንደሚያርም ሰው። ከዚያ ያለውን ራሱ ሰማ። አዛዡ ካቴናውን ከቺናራ ፊት አነሳ።

ሁሉም ሲወጡ ቺናራ ከወንበሯ አልተነሳችም።

«ነጻ ነሽ» አለቻት ዳሪካ።

«ሦስት ቀን ሙሉ ስለጮህኩባት የሞተች ይመስለኝ ነበር፣ ኤጄ። ጥፋቱ የእኔ ሲሆን ቢያንስ ከእሷ ጋር የሚያገናኘኝ ነገር ነበረኝ።»

«አሁንስ?»

«አሁን ምንም አይሰማኝም።»

ዳሪካ የምስክርነት ቅጹን አቀረበችላት። ቺናራ ስሟን፣ ዕድሜዋን፣ አድራሻዋን ሞላች። «ከሟች ጋር ያለሽ ግንኙነት» የሚለው ጋ ስትደርስ እጇ ቆመ። ለጥናቷ ሰውን ቅጽ ስታስሞላ ሦስት ዓመት የኖረችው ሴት፣ ቦታውን ባዶ ትታ ፈረመች።