ለስማቸው ተሰጥቷል

ምሕረትና ክንዴ የአንዲት እናት ልጆች ቢሆኑም ነገር የሚያምኑበት መንገድ ፈጽሞ አይገናኝም። ምሕረት አዲስ አበባ የምትኖር፣ ቀና ብላ ሰማዩን ከማየት ይልቅ በስልኳ የአየር ትንበያ ከፍታ ዣንጥላ የምትይዝ ሴት ናት። ክንዴ ደግሞ በፋግታ በኩል ዲከረንስ የተባለውን ዛፍ እየቆረጠ ከሰል የሚያከስል፣ በእጁ ያልዳሰሰውን ነገር «አለ» የማይል ሰው ነው። እናታቸው ወይዘሮ ያለምወርቅ ከዳንግላ ቤታቸው ወደ ሆስፒታል ሲወሰዱ መንገድ ላይ ባረፉ ጊዜ፣ ምሕረት ከአዲስ አበባ እንደደረሰች ስልኳን ከፍ አድርጋ «መድኃኒቷ ደርሷል፤ የደበቀው ክንዴ ነው!» አለች። ክንዴም የጠቆሩ መዳፎቹን ዘርግቶ «ምንም አልደረሰም፤ ድሮም አልላከችም!» አለ። ሁለቱ እንዲህ የተባባሉት ሬሳው በመካከላቸው ተጋድሞ ሳለ ነው።

ኢንስፔክተር ማናለብሽ ከእንጅባራ ተጠርታ ስትመጣ ቀብሩ ተፈጽሟል፤ ክንዴም በእህቱ ክስ ጣቢያ ገብቷል። የሐኪሙ ማስረጃ አያሻማም። ሟቿ በሰው ሠራሽ የልብ ቫልቭ ይኖሩ ስለነበር፣ ደም ማቅጠኛው ሲቋረጥባቸው ደማቸው ረግቶ ለሞት አብቅቷቸዋል። መድኃኒቱ በአካባቢው ስለማይገኝ ምሕረት ሁልጊዜ በእቃ መላኪያ ድርጅት ትልክላቸው ነበር። የመጨረሻው እሽግ የት እንደገባ ግን የሚያውቅ አልተገኘም።

ማናለብሽ ፖሊስ ከመሆኗ በፊት ጥሊሊ ውስጥ አማርኛ አስተምራለች። ከዚያ ሥራ የቀራት ልማድ ሰው ሲያለቅስ እንኳ የሚወጣውን ቃል ማረም ነው። በለቅሶው ድንኳን ጥግ፣ የቀርከሃ አግዳሚ ላይ ከምሕረት ጎን ተቀመጠች።

«እስቲ መልእክቱን አንብቢልኝ።»

ምሕረት የእቃ መከታተያውን ገጽ ከፍታ አነበበች፦ «"እቃው ተጭኗል። እቃው ደብረ ማርቆስ ገብቷል። እቃው ዘግይቷል። እቃው እንጅባራ ደርሷል፤ የመረከቢያ ቁጥር ወደ ተቀባይ ስልክ ተልኳል። እቃው ለስማቸው ተሰጥቷል።" ይኸው!»

«አንቺ ምን ገባሽ?»

«ምን ይገባኛል? በእናቴ ስም ላክሁ፣ በስማቸው ተሰጠ። እሷ ከቤት አትወጣም። ከክንዴ በቀር ማን ይረከብላታል?»

«"ደርሷል" ሲል ደወልሽላቸው?»

«ደወልኩ። "ዛሬም ዘግይቷል ይላል" አለችኝ። ቅርንጫፍ መድረስና እጅ መግባት ይለያያል፣ ያመጡታል ብዬ ተውኩት። በማግስቱ "ተሰጥቷል" ሲል እፎይ አልኩ።» ስልኳን ጭኗ ላይ ደፋችው። «እፎይ ብዬ ዳግመኛ አልደወልኩም፣ ኢንስፔክተር።»

«እናትሽ ማንበብ ይችሉ ነበር?»

«ፊደል አልቆጠረችም።»

«ታዲያ "ዘግይቷል ይላል" ብሎ ያነበበላቸው ማን ነው?»



ማናለብሽ ክንዴን ጣቢያው በረንዳ ላይ ተቀምጦ፣ ያመጡለትን እንጀራ ሳይነካ አገኘችው።

«የእናትህን መልእክት የምታነብላቸው አንተ ነህ?»

«እኔ የማድረው ከሰሌ ዘንድ ነው። ዞር ካሉ እሳት በልቶት ያድራል። ብቻ ዳንግላ ያለውን የድርጅቱን ወኪል እየተመላለስሁ ጠይቄያለሁ፤ "አልመጣም" ነው የሚለኝ።»

«እንጅባራስ ጠይቀሃል?»

«የላከችው ለዳንግላ! እንጅባራ ምን ልሠራ?» ካለ በኋላ ፊቱ ተለወጠ። «እዚያ ነበር እንዴ?»

«እዚያ ነበር።»

ክንዴ ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ያዘ። እህቱ «ደርሷል» ስትል እንጅባራን፣ እሱ «አልደረሰም» ሲል ዳንግላን ማለታቸው ነበር። በዚያ አንድ ቃል ሲጨቃጨቁ እናታቸው አመለጧቸው።

ማናለብሽ ወደ ድንኳኑ ስትመለስ የሟቿ ታላቅ ልጅ እናትነሽና ባሏ አሸናፊ እንግዳ ያስተናግዱ ነበር። አሸናፊ በእንጅባራና በዳንግላ መካከል ሚኒባስ ይነዳል፤ ማታ ሲገባ አማቱን ሳይጠይቅ አያልፍም ነበር፤ ሳቁ ከአፉ አይጠፋም።

«የእማማን ስልክ? አንድ ሁለቴ አንብቤላቸው ይሆናል። የሾፌር ዓይን መንገድ ላይ ነው እኮ፣ ኢንስፔክተር! የእቃ መላኪያ ነገር እንደኛው ነው፤ እኛ ተሳፋሪ ሳይሞላ አንነሳም፣ እነሱም ጭነት ሳይሞላ። ምን ይደረግ?» ፊቱን አጠቆረ። «ሲጠናባቸው ግን ተሳፋሪ አውርጄ ያጣደፍኳቸው እኔ ነኝ። እጄ ላይ ነው ያረፉት።»

«በእርስዎ መኪና?»

«በእኔው መኪና።»

ከድንኳኑ ወጥታ እንጅባራ ቅርንጫፍ ደወለች። ስልኩን ያነሳው አወቀ የተባለ ሠራተኛ ነው።

«ያንን እሽግ ማን ተረከበ?»

«ስማቸው።»

«አዎ፣ ስማቸው ማን ይባላል?»

«ስማቸው ነዋ!»

«ወንድሜ፣ ቀልድ አይደለም። የሰውየው ስም?»

«እኔስ ምን አልኩ፣ እመቤቴ? የሰውየው ስም ስማቸው ነው! ቁጥሩን ነገረኝ፣ መታወቂያ አሳየኝ፣ ሰጠሁት። የገበያ ቀን ስለነበር መልኩን አላስታውስም።»

ማናለብሽ ቀድሞ የጠረጠረችው ነገር ተረጋገጠላት። ተመልሳ እናትነሽን ለብቻዋ አስጠራቻት።

«ስማቸው የሚባል ሰው ታውቂያለሽ?»

እናትነሽ የነጠላዋን ጥለት እያፍተለተለች መለሰች። «በዚህ ቤት እንደዚያ ተብሎ የሚጠራ ሰው የለም።»

ማናለብሽ «አላውቅም» አለማለቷን በልቧ ያዘች።

በሠልስቱ፣ ቀሳውስቱ ጸሎት አድርሰው ከሄዱ በኋላ፣ ቤተ ዘመዱ በድንኳኑ እንዲቆይ ተደረገ። ክንዴም ከጣቢያ መጣ። ማናለብሽ የምሕረትን ስልክ ይዛ ቆመች።

«ይህን መልእክት ሁላችሁም "በስማቸው ተሰጥቷል" ብላችሁ አንብባችሁታል። የተጻፈው ግን "ለስማቸው" ነው። ስም እቃ አይቀበልም፤ የሚቀበል ሰው ነው። ደግሞም ይህ ማሽን የሚናገረው ስለ እቃው ብቻ ነው፤ ከላይ እስከ ታች ማንንም አንቱ ሳይል ቆይቶ፣ መጨረሻ ላይ ብቻ ምን አክብሮት አመጣበት? ስማቸው የሰው ስም ነው። የቅርንጫፉም ሠራተኛ አረጋግጦልኛል።»

ማናለብሽ ስልኩን ለምሕረት መለሰችላት።

«ይህ ስማቸው ለእናታችሁ ብቻ የተላከውን የመረከቢያ ቁጥር ያውቃል። ስልካቸውን አይቻለሁ። "ዘግይቷል" የሚለው መልእክት አለ፤ ቁጥሩ ያለበት ተደምስሷል። እቃው እንጅባራ በደረሰበት ቀን "ዛሬም ዘግይቷል" ብሎ ያነበበላቸው ሰው ዋሽቷቸዋል። ምሕረት አዲስ አበባ ናት፤ ክንዴ ከከሰሉ አይለይም። እናትነሽን እንዳልጠረጥር፣ የተረከበው ወንድ ነው። ማታ ማታ የሚያነብላቸው፣ ቀን እንጅባራ የሚውል አንድ ሰው አለ።» ዘወር አለች። «አቶ አሸናፊ፣ መንጃ ፈቃድዎን።»

«መኪና ውስጥ ትቼዋለሁ» አለ አሸናፊ፤ ሳቁ ግማሽ መንገድ ላይ ቀረ።

«አትልፊ፣ ኢንስፔክተር» አለች እናትነሽ ከተቀመጠችበት። «መንጃ ፈቃዱ ስማቸው ነው የሚለው። በሠርጋችን ቀን እማዬ "ስማቸው፣ ና ብዬ ስጠራህ ሰው የማን ስም ቢለኝ ምን እመልሳለሁ?" ብላ አሳቀችን። አሸናፊ ያለችው እሷ ናት። ሌላው ሁሉ የቀድሞውን ረሳው።»

«እናትዬ!» አለ አሸናፊ።

«አንተ እንኳ ረስተኸዋል መሰለኝ። ባትረሳው ኖሮ በዚያ መታወቂያ አትረከብም ነበር።»

አሸናፊ ዙሪያውን ቃኘ፤ ዓይኑን የሚያሳርፍበት ፊት አጣ። «አልገደልኳቸውም! ቤቱን እንሽጠው ብላቸው በቁሜ አላሸጥም አሉ። ትንሽ ሲደክሙ ይስማማሉ፣ ያኔ አመጣዋለሁ ብዬ ነው። አዘገየሁት እንጂ አልከለከልኳቸውም!»

«መድኃኒቱ የት አለ?» አለች ማናለብሽ።

አሸናፊ ወደ ውጭ፣ ሚኒባሱ ወደቆመበት ገልመጥ አለ። አንድ ፖሊስ ወደ ሚኒባሱ ሄዶ እሽጉን ከሾፌሩ ወንበር ሥር አወጣው፤ አልተከፈተም። ወይዘሮ ያለምወርቅ ትንፋሽ ሲያጥራቸው የተሳፈሩት በዚሁ መኪና፣ እግራቸውን የዘረጉትም ከዚሁ ወንበር ጀርባ ነበር። ምሕረት እሽጉ ላይ የጻፈችውን የእናቷን ስም በጣቷ ዳሰሰችና ድምጿን አውጥታ ጮኸች።

ክንዴ ግን የሚያየው እናትነሽን ነበር። «ምሕረት መልእክቱን እዚህ ስታነብ ሰምተሻል። የማን ስም እንደሆነ ታውቂ ነበር። እኔ ታስሬ እያለሁ ዝም አልሽ።»

«አዎ።»

«ለምን?»

«ባሌ ነው ብዬ። አንተ ትፈታለህ ብዬ።» እንባ አልወጣትም። «እኔም አዘገየሁ፣ ክንዴ። ከእሱ የምለየው በምን እንደሆነ አላውቅም።»

ይቅር ያላት አልነበረም። ምሕረት ፊቷን አዞረች። ፖሊሱ የአሸናፊን ክንድ ሲይዝ እናትነሽ ብድግ አለች፤ ነጠላዋን አጠበቀችና ለቤተ ዘመዱ ሁሉ በሚሰማ ድምፅ ተናገረች።

«ወንድም እህቶቼ፣ ስሙኝ። ለልመና አይደለም የቆምኩት። ወደ እሱ ቤት አልመለስም። በዚህ ቤት ካለኝ ድርሻም ወጥቻለሁ፤ የሁለታችሁ ነው። ነገ ጣቢያ ሄጄ ቃሌን እሰጣለሁ፣ የኔንም ዝምታ ጨምሬ። ፍርድ ቤትም ማንን እንደምከስ ሲጠይቀኝ በእናቴ ስም አልጠራውም። አሸናፊ እናቴ ያወጣችው ስም ነው፤ ከእሷ ጋር ተቀብሯል። ስማቸው እለዋለሁ።»