የተዘለለው ቀዳዳ

መምህሩ ከቤቱ ጀርባ፣ ከገደሉ ሥር ተንጋሎ ተገኘ። የቀኝ ጫማው ሶል ከፊት ተላቆ እንደ ተከፈተ አፍ ተንጠልጥሏል። አስከሬኑ ሳይነሳ ወሬው ከተማውን አዳረሰው፤ «አዲሱ የተራራ ጫማ ጣለው!» ጫማ ሰሪው ሽማግሌም ከነሽርጡ ተይዞ ታሰረ።

መርማሪዋ ስትደርስ እያነከሰች ነበር። ልኳ የሚሆን ጫማ አግኝታ አታውቅም፤ ሩቅ አገር ተምራ ስትመለስ ከዲግሪዋ ጋር ይዛው የመጣችው ያንኑ የእግር ቁስል ነው።

ጎንበስ ብላ አየች። የሟቹ ራስ ከኋላ ተፈንክቷል፤ ልብሱ ግን አልተቀደደም። የጫማው ክር አንድም ቀዳዳ ሳይዘል ጥብቅ ብሎ፣ ቁርጭምጭሚቱን ዞሮ ከኋላ ተቋጥሯል። ጫማዎቹን አወለቀች። በሁለቱም እግሮቹ ላይ፣ ክሩ በሚያርፍበት በኩል፣ የግማሽ እንቁላል ያህል ጉብ ያለ አጥንት አለ። ቆዳው አልቀላም፣ አልተላጠም። ሶሉ የተሰፋበት ክርም አልተበጣጠሰም፤ በስለት ተቆርጧል።

ሚስቲቱ እናቷን ልትጠይቅ ሄዳ የተመለሰችው በመርዶ ነው።

«ጫማውን ማን ያስርለት ነበር?» አለቻት መርማሪዋ።

«እኔ ነኛ! ወገቡ መች ይታጠፍለታል! ስንት ሱቅ እንደዞርን ብታይ... እግሩ ከፊት ሰፊ፣ ከኋላ ቀጭን። ጣቱን ሲመቸው ተረከዙ ይወልቃል፣ ተረከዙን ሲይዝለት ጣቱ ይደማል። ሻጮቹ ገና ከሩቅ ሲያዩን ይደበቁ ነበር።» ሳቅ ሊያመልጣት ሲል እንባዋ ቀደመ። «ይሄኛው ሲመቸው ሳሎን ውስጥ እንደ ሕፃን ይንጎራደድ ነበር። ያ ሽማግሌ እጁ ይሰበር!»

የሟቹ ታናሽ ወንድም ተራራ ወጪዎችን የሚመራ ነው። ከእሱ ጋር አንድ ግቢ ይኖራል።

«ጋሼ ብቻዬን ልውጣ አለ። ተው ብዬው ነበር» አለ።

«አብራችሁ ወጥታችሁ ታውቃላችሁ?»

«ከጋሼ ጋር? በሩ ጋ ሳይደርስ ጫማውን የሚያወልቅ ሰው እኮ ነው!» ሳቀ፤ ሳቁ ግን አልዘለቀም።

ሽማግሌው ከእስር ክፍሉ ግድግዳ ጋር ተጣብቆ ተቀምጧል። መዳፎቹን ዘርግቶ ያያቸዋል።

«ስፌትዎ ላልቶ ያውቃል፣ አባባ?»

«አያውቅም። ግን ዓይኔ ደክሟል፣ ልጄ። ምናልባት እኔው ገድዬው ይሆናል።»

በማግስቱ ሦስቱንም ጫማ መስሪያው ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ሽማግሌው ጫማውን ለመስፋት በመምህሩ እግር ልክ የቀረጸውን የእንጨት እግር ጠረጴዛው ላይ አቁማ፣ ያልተጎዳውን ግራ ጫማ አጠለቀችበት።

«ለተራራ እንዴት እንደሚታሰር አሳየኝ» አለችው ወንድምየውን።

«ለጀማሪ ሁሉ የማሳየው ይሄንኑ ነው» ብሎ ክሩን በየቀዳዳው አስገብቶ ጥብቅ አደረገው፤ ጫፉን በቁርጭምጭሚቱ አዙሮ ከኋላ ቋጠረው። መርማሪዋ ፈታችና ለሚስቲቱ ሰጠቻት። የሚስቲቱ ጣቶች ሳታስበው ሦስተኛውን ቀዳዳ ዘለሉት።

«ለምን ዘለልሽው?»

«አጥንቱ እዚያ ጋ ነዋ። ክር ከነካው ይጮሃል...» እጇ አየር ላይ ቀረ።

«ትናንት ያገኘሁት ግን ሳይዘለል፣ ከኋላ ተቋጥሮ ነው» አለች መርማሪዋ። «እንዲህ ታስሮ ያንን ዳገት ቢወጣ ቆዳው ይላጥ ነበር፤ ከእኔ እግር በላይ ምስክር የለም። ስለዚህ አልወጣም። ካልወጣ ደግሞ ከላይ አልወደቀም፤ ልብሱም ያልተቀደደው ለዚህ ነው። ሌላ ቦታ ሞቶ፣ ገደሉ ሥር ተጎትቶ፣ ጫማው ከሞተ በኋላ ተደረገለት። ሶሉን በስለት የቆረጠው ሰው ጥፋቱ ወደ እኚህ ሽማግሌ እንዲዞር ፈልጓል። ያ ሰው አጥንቱ ክር እንደማይችል አያውቅም፤ አንድም ቀን አብሮት ተራምዶ አያውቅምና። ቋጠሮውን ደግሞ አሁን ሁላችንም አየነው።»

የወንድምየው ተጫዋች ፊት ጠፋ። ሚስቲቱን ሽሽት መሬት መሬት እያየ ተናገረ።

«በትምህርት ቀደመኝ። በትዳር ቀደመኝ። አባታችን እንኳ ሲሞት የጠራው እሱን ነው። ተራራው ብቻ የኔ ነበር፤ እዚያ እግሩ አያደርሰውም። ጫማውን አቅፎ መጣና ‹ከእንግዲህ አብረን ነን› አለኝ። ደስ ብሎት እኮ ነው! ገፋሁት... የድንጋዩ ደረጃ...»

«ላንተ ብሎ ነበር» አለች ሚስቲቱ ቀስ ብላ። «ዓመት ሙሉ ጫማ ፍለጋ ያንከራተተን ካንተ ጋር ልሂድ ብሎ ነበር።»

ፖሊሶች ሲወስዱት ማንም ቀና ብሎ አላየውም።

«አባባ፣ እጅዎ ምንም አላጠፋም» አለች መርማሪዋ ሁለቱ ብቻ ሲቀሩ። እውነቱ ከታወቀ አንድ ነገር ይቃናል ብለው ነበር ያስተማሯት። ሽማግሌው የእንጨት እግሩን አንስቶ ጉብታውን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው።

«እኔም እንዲህ ያለ እግር ነው ያለኝ» አለች፣ ማንንም ጠይቃ የማታውቀውን እየጠየቀች። «ይሠሩልኛል?»

«ቆርጠውበት ይሁን ተበጥሶ፣ ሰው የሚያስታውሰው የኔ ጫማ አፉን ከፍቶ ነው» አለ። «እኔም ቢሆን መርፌ ባነሳሁ ቁጥር የሚታየኝ እሱ ነው። አልሠራም፣ ልጄ።»

የእንጨቱን እግር ምድጃው ውስጥ ከተተው። እሳት እስኪይዘው ጠበቀችና እያነከሰች ወጣች።