የምጽዋ ጉራ

«ባሕሩስ? ባሕሩን ንገሪን እንጂ» አለች አሰፋች፣ የኬኩን ሳህን ወደ ዓለምጸሃይ እየገፋች።

«ምን ብዬ ልንገራችሁ? በወሬ አይሆንም፤ ማየት ነው። ነፋሱ ብቻ ነፍስ ይዘራል።»

ነፋስ የሚባል ነገር አልነበረም። ዓለምጸሃይ ምጽዋ በሰነበተችበት ጊዜ ሁሉ ቅጠል ሲንቀሳቀስ አላየችም፤ ቅጠሉም ቢሆን ከስንት አንድ ነው። ከአስመራ በባቡር ቁልቁል ሲወርዱ ገና መንገድ ላይ ሳሉ ቀሚሷ ጀርባዋ ላይ ተጣበቀ። ስንት ዘመን የጓጓችለት ባሕር ደግሞ የዓሣ ሆድ ዕቃና የመርከብ ዘይት የሚንሳፈፍበት፣ ለመጠጥ የማይሆን፣ ቢታጠቡበት ገላ የሚያሳክክ ውሃ ሆኖ አገኘችው። ይህን ለማየት ነው እንግዲህ የፒያሳን ብርድ ስትረግም የኖረችው።

«ከተማውስ?» አለች አባይነሽ።

«ከተማውማ ሌላ ዓለም ነው። ማታ ማታ ሰው ሁሉ ነጭ በነጭ ለብሶ ባሕር ዳር ይንሸራሸራል።»

ባሕር ዳር ሲንሸራሸሩ ያየቻቸው ካርቶን የሚያኝኩ ፍየሎችን ነበር። ሰዉማ ሙቀቱን ሸሽቶ አልጋውን ደጅ አውጥቶ ተጋድሟል።

ሁለቱ ልጆች አፋቸውን ከፍተው ያዳምጧታል። ይህ ይበልጥ አናደዳት። የሰጧቸውን ሁሉ የሚውጡ ፋራዎች! በተለይ አሰፋችን ናቀቻት። ከመሄዷ በፊት «እናንተ ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ጭቃችሁ ውስጥ ቅሩ፤ እኔ የባሕር ሰው ነኝ» ብላ በክፍሉ ልጆች ፊት ያዋረደቻት እሷን ነበር። አሁን እውነቱን ብትናገር አሰፋች መሳቂያ እንደምታደርጋት ታውቃለች።

በዚህ መሐል የዓለምጸሃይ አባት አቶ አታክልቲ ባርኔጣቸውን አውልቀው ኬክ ቤቱ ገቡ። ልጆቹ ተነሡላቸው።

አቶ አታክልቲ ዕድሜያቸውን ሙሉ በሰው ሱቅ ጨርቅ ሲለኩ የኖሩ ሰው ናቸው። አሁን ሐዱሽ የሚባል የምጽዋ ዘመዳቸው ሱቁን ሊለቅላቸው አዲስ አበባ ድረስ መጥቷል። ቤተሰቡ ጓዙን ጠቅልሎ ምጽዋ ሊገባ ነው። ዓለምጸሃይን ይዘዋት የሄዱትም ባሕር ባሕር እያለች ቤቱን ስላወከች፣ እስቲ አይታ ትናገር ብለው ነበር።

«ሐዱሽ መልስ ፈልጎ ደጅ ቆሟል» አሉ። «እናትሽ ደግሞ ልጅቷ በገዛ አፏ ወደድኩት ካላለች ከቤቴ ንቅንቅ አልልም ብላለች። ወደሽዋል አይደል?»

ዓለምጸሃይ አሰፋችን አየቻት። አሰፋች መልሱን በቅናት እየጠበቀች ነው። አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚያስፈልገው፤ ከዚያ ዕድሜ ልክ ያንን ውሃ ስታይ መኖር ነው፣ እናቷንም ጭምር ይዛ።

«አልወደድኩትም፣ አባባ።»

አቶ አታክልቲ ባርኔጣቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። «እዚያ ሳለን ስጠይቅሽ በጣም ጥሩ ነው አላልሽኝም?»

«ዋሽቼዎት ነው።»

«ለምን?»

ምጽዋን ከናቀችው በላይ ራሷን ናቀች። «ተመልሼ ለአሰፋች ምን እላታለሁ ብዬ።»

አሰፋች ልትስቅ አፏን ከፈተች፤ የአቶ አታክልቲን ፊት ስታይ ግን መልሳ ዘጋችው። አባይነሽ አቀረቀረች።

«የራሴ ሱቅ ሊሆን ነበር እኮ» አሉ አቶ አታክልቲ ቀስ ብለው።

ዓለምጸሃይ ይህን ታውቃለች። እዚያ ሱቅ ውስጥ፣ ላብ እያጠመቃቸው፣ ባዶውን መደርደሪያ በመሐረባቸው እየጠረጉ ለብቻቸው ፈገግ ሲሉ አይታቸዋለች። ከዚያ ከተማ ያልናቀችው ነገር ቢኖር ያንን ፈገግታ ብቻ ነው።

ሹራቧን ከወንበሩ አነሣች።

«ለጋሽ ሐዱሽ እኔው ልንገራቸው» አለች። «እርስዎ ፈልገው እንደነበር ጭምር እነግራቸዋለሁ።»

አቶ አታክልቲ ገለል ብለው መንገድ ለቀቁላት።