የንዴት ጣውላ

«አሁን ዓይናችሁን ጨፍኑ» አለ ድምፅ ማጉያው። «ከእግር ጣቶቻችሁ እንጀምር። ቀኑን ሙሉ ተሸክመዋችሁ ውለዋል። ለብ ያለ ውሃ ውስጥ እንዳስገባችኋቸው አስቡ።»

የሂሳብ ፈተናው ሊጀመር አሥር ደቂቃ ቀርቶታል። ክፍሉ በሙሉ እንደታዘዘው ዓይኑን ጨፈነ። ወፍጮ የሚሏት ልጅ ብቻ አፍጥጣ ቀረች።

እነዚያ እግሮች የእናቷ ናቸው። እናቷ ልብስ ማጠቢያ ቤት ውስጥ ቆማ ስትተኩስ ትውልና አመሻሽ ላይ እግሯ አብጦ ትመጣለች። ውሃውን በሳፋ እያቀረበች «ከጣቶችሽ እንጀምር፣ እማዬ» የምትላት ወፍጮ ናት። ቃል በቃል። አሁን የእናቷን እግር ትምህርት ቤቱ በሙሉ ይዝናናበታል።

እርግጥ፣ ጽሑፉን አሳልፋ የሰጠችው ራሷ ናት። የትምህርት ቤቱ አማካሪ የሬዲዮ ክበቡን «በድምፅ የሚመራ ሜዲቴሽን» አዘጋጁልኝ ብለው ነበር። ተማሪው «ማረጋጊያ» ብሎ አሳጠረው። አማካሪዋ የፈለጉት አራት ዓይነት ነው፤ ፈተና ለሚፈራ፣ እንቅልፍ እምቢ ላለው፣ ላዘነ፣ ለተናደደ። ለፈራ ሰው የሚሆነው ላዘነ ሰው አይሆንም ባይ ናቸው። ወፍጮ ጻፈች፣ ጓደኛዋ ጥጥ አነበበች። ጥጥ የሚለውን ቅጽል ስም ያወጣላት የድምፅዋ ልስላሴ ነው። ወፍጮም ወፍጮ የተባለችው በድምፅዋ ነው፤ ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ። በወፍጮ ድምፅ የሚረጋጋ ሰው የለም ብላ ራሷም አምናለች። ስምምነታቸው ግን ግልጽ ነበር። መጨረሻ ላይ የሁለቱም ስም ይጠራል።

ማረጋጊያው አለቀና የአማካሪዋ ድምፅ ተከተለ። «ይህን ጽፋ ላነበበችልን ተማሪ ምስጋና ይድረሳት። የንዴቱ ዓርብ ይደርሳል። ከዚያ አራቱም በጸሐፊዋ ስም ለከተማው ትምህርት ቤቶች ሁሉ ይላካሉ።»

ክፍሉ አጨበጨበ። ሁለት ወንበር ቀድማ የተቀመጠችው ጥጥ ግማሽ ብድግ ብላ እጅ ነሳች። እጅ ነሳች! ወፍጮ ደሟ ፈላ። ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ሁለት ጊዜ ስምንትን አሥራ አራት ብላ ጽፋ ወጣች።

ጥጥ ቧንቧው ጋ አገኘቻት። «ተቆጣሽ እንዴ?»

«አይ፣ እየጨፈርኩ ነው።»

«በእናትሽ ስሚኝ። አማካሪዋ ‹ይሄን ሁሉ አንቺ ነሽ የጻፍሽው?› ሲሉኝ አዎ አልኩ። አፌ ቀደመኝ። ከዚያ እንዴት ብዬ ልመልሰው?»

«በአፍሽ ነዋ። በዚያው በቀደመሽ።»

ጥጥ ጫማዋን አየች። «እሺ፣ ጥፋተኛ ነኝ። ግን የንዴቱን ጻፊልኝ። ሦስት ቀን ሞከርኩ፣ አንድ መስመር አልመጣልኝም። ዓርብ ባዶ እጄን ከቀረብኩ ጉዴ ይፈላል። ደግሞ አንቺ ልታነቢው አትችይ፣ በዚያ ድም…»

«ጨርሺዋ።»

«ምንም አላልኩም።»

ወፍጮ ቦርሳዋን አንስታ ሄደች። ጥላት የሄደችው ጥጥ አንድ ቃል ብትጨምር እንደምትመታት ስላወቀች ነው።

ቤት ገብታ አልጋዋ ላይ ተዘረረችና ስልኳ ላይ ለተናደደ ሰው የተዘጋጁ ማረጋጊያዎችን ፈለገች። ደርዘን ሙሉ አገኘች። የመጀመሪያዋ ሴትዮ ንዴትሽ እንደ ደመና ሲያልፍ ተመልከቺው አለቻት። ሄዶ ጥጥ ላይ ይዝነብ፣ አለች ወፍጮ በሆዷ። ሁለተኛው ሰውዬ ከዋሽንት ጋር ያንሾካሹካል። ሦስተኛዋ ፈገግ በዪ አለች። ወፍጮ ስልኩን ፍራሹ ላይ ወረወረችው። ሰው በእሳት እየነደደ ፈገግ በል ይባላል?

ከቤቱ ጀርባ የአባቷ የእንጨት ሥራ ክፍል አለ። አባቷ ፊቷን አየ፤ ምን ሆንሽ አላለም። ጥግ ላይ የቆመውን ጣውላ በአገጩ ጠቆማት።

አባቷ አንድ ሕግ አለው፤ የተናደደ ሰው መጋዝ አይነካም። ሕጉ የወጣው ከዓመታት በፊት ከደንበኛ ተጣልቶ ወደ ሥራው የተመለሰ ቀን ነው። የግራ ሌባ ጣቱ ጫፍ ያን ቀን ቀረ። ከዚያ ወዲህ ቤት ውስጥ የተናደደ ሁሉ ያንን ጣውላ ይፍቃል። ለወንበርም ለጠረጴዛም አይሆንም፤ ሥራው መፋቅ ብቻ ነው። መሃሉ ሳስቶ ሊበሳ ደርሷል። አብዛኛውን ያሳሳችው እናቷ ናት፤ የሥራ ኃላፊዋ ነገረኛ ሰው ነው።

ወፍጮ ከመደርደሪያው እጇ የገባውን የብርጭቆ ወረቀት አንስታ መፋቅ ጀመረች።

«እሱን ተይው» አለ አባቷ። «እሱ የመጨረሻው ነው፣ ማለስለሻው። ገና ባልለሰለሰ እንጨት ላይ ያንሸራትትሻል እንጂ ምን ይሠራልሻል?» ሻካራውን አቀበላት። «በዚህ ጀምሪ። በጠርዙ በኩል፣ መሃሉን እንዳትበሺው።»

ፋቀች። መጀመሪያ ጥጥን ሰደበቻት፤ ከእግር እስከ ራሷ፣ ያንን ድምፅዋን ጨምራ። ስድቡ ሲያልቅባት እንደ ልማዷ የሚሰማትን ማውራት ጀመረች። «ጥርሴን ነክሻለሁ። ትከሻዬ ጆሮዬ ጋ ደርሷል። እጄ እሳት ሆኗል። ይኸው ገፋሁ። ይኸው ሳብኩ። ስገፋ ትንፋሼ ይወጣል።» ትንፋሿ ከእጇ ጋር መሄድ ጀመረ። ንዴቱ አልለቀቃትም፤ እሷ ግን እጇን ማዘዝ ቻለች።

«ይሄኛውንስ ማን ያነበዋል?» አለ አባቷ ቀና ሳይል።

ጥጥ እንደምታነብላት እሱም ያውቃል ማለት ነው፤ እናቷ ነግራዋለች። «ጥጥ ነቻ። የኔን ድምፅ ማን ይሰማዋል?»

«እንጃ» አለ። ብናኙን እፍ አለው። «እኔ ስናደድ በለሆሳስ የሚያናግረኝ ሰው ይብስ ያነደኛል።»

ወፍጮ የጣውላውን ጠርዝ እየዳበሰች ቆየች።

ዓርብ ዕለት ጥጥ የሬዲዮ ክፍሉ ውስጥ ቀድማት ተቀምጣለች። እጇን ዘረጋች። «አመጣሽው?»

«ወረቀት የለም። ተነሺ፣ ማይኩን እፈልገዋለሁ።»

«አንቺ ልታነቢው?»

«እኔ።»

ጥጥ ልትስቅ ነበር፤ የወፍጮን ፊት አይታ ተወችው። ቦታውን ለቀቀችላት።

«አሁንም ተናድጃለሁ» አለች ወፍጮ፣ የጆሮ ማዳመጫውን እያጠለቀች። «መቅዳቱ አምስት ደቂቃ ይፈጅብኛል። ስጨርስ አማካሪዋ ቢሮ ሄጄ ሦስቱን ማን እንደጻፈ እነግራቸዋለሁ። ቀድመሽኝ አንቺ ብትነግሪያቸው እመርጣለሁ።»

«ከዚያስ? ጓደኛሞች ነን?»

«አላውቅም። ዛሬ አትጠይቂኝ።»

መቅጃውን ተጫነችው። ቀዩ መብራት በራ። ጉሮሮዋን ልትጠርግ ፈለገችና ተወችው።

«ዓይናችሁን አትጨፍኑ» አለች በዚያው በወፍጮ ድምፅዋ። «ተናዳችኋል። እኔም ተናድጃለሁ። ፈገግ በሉ አልላችሁም። እጃችሁን ጨብጡ። አጥብቁት። ጥርሳችሁን ነክሳችሁ ከሆነ እወቁት፣ ማንም አይቆጣችሁም…»

ከኋላዋ ወንበር ተንቀሳቀሰ። በሩ ተከፈተና ተዘጋ። በስተቀኝ የአማካሪዋ ቢሮ ነው፣ በስተግራ የግቢው በር። እርምጃው ወደ የትኛው እንደሄደ በጆሮ ማዳመጫው ውስጥ አይለይም። ዞራ አላየችም።

«አሁን ቀስ ብላችሁ ልቀቁት» አለች።

ቀድታ ስትጨርስ መልሳ አዳመጠችው። የበሩ ድምፅ አብሮ ተቀድቷል፤ ጎልቶ ይሰማል። ቆርጣ ልታወጣው ትችል ነበር። ተወችውና ወደ አማካሪዋ ቢሮ ለመሄድ ተነሳች።