በአስካለ በኩል

መንፈስ ነው፣ ጥላ ነው የሚባለውን ነገር ድሮም አላምንም፣ አሁንም አላምንም፤ የሳይንስ አስተማሪ ነበርኩ፣ እሱንም ቢሆን ተማሪዎቼን ጠይቃቸው። ይሄ ግን ጋምቤላ ገና ክልል በተባለች ሰሞን በራሴ አልጋ ላይ የደረሰ ነው፣ ሳቅብኝ ወዳጄ፣ ብቻ ስማኝ።

ባለቤቴን አስካለን ቢምቢ ይወዳታል። አንድ አልጋ ላይ ተኝተን እሷን ሲበሏት እኔን ዞር ብለውም አያዩኝም። ቢምቢ የሰው ላብና ትንፋሽ አሽትታ ነው የምትመጣው ብዬ ሳስረዳት፣ "አንተን አሽትተው ነዋ የሚሸሹት" ትለኛለች። እኔ ደግሞ እንዲያታልልልን ብዬ ያደረ ካልሲዬን መስኮቱ ላይ እሰቅል ነበር፤ ያባረረው እንግዶቻችንን ብቻ ነው።

በክረምቱ ወባ ወሰደቻት። ኒውላንድ ሰፈር ያለው ቤታችን እኔን ብቻ ይሸት ጀመር፣ ላምባ፣ ያረረ ዓሣ፣ ካልሲ። ቢምቢዎቹም ምርጫ አጥተው ወደኔ ዞሩ፣ ብታምነኝም ባታምነኝም የሚፈልገኝ አለ ብዬ ደስ ያለኝ ምሽት ነበር።

አንድ ቀን ታዲያ፣ ገና ለዓይን ያዝ ሲያደርግ፣ አጎበሩ ውስጥ ጋደም ብል የቢምቢዎቹ ጥዝታ በኔ በኩል የለም። ፋኖሱን ከፍ አድርጌ ባይ፣ በአስካለ በኩል ያለው አጎበር ከውጭ በቢምቢ ጠቁሯል፤ ሁሉም ከትራሷ ትይዩ ተለጥፈዋል፣ ልክ አፏ በሚሆንበት ቦታ።

በነጋታው ለጎረቤቴ ለኦባንግ ነገርኩት፣ አኙዋክ ነው፣ የቢሮ ሾፌር።

"መምህር፣ ልብሷ አለ አይደል? እሱ ይሸታል። እጠብ።"

እውነቱን ነው። አርባዋ ወጥቶ ልብሷ ለነዳያን ሲሰጥ፣ ነጠላዋን ሰርቄ ትራሷ ሥር ደብቄአለሁ። ከሽታዋ የቀረኝ እሱ ብቻ ነው፣ ግን ሳይንስ አስተማሪ አይደለሁም? ነጠላውንም፣ ትራሱንም፣ አንሶላውንም በሳሙና አሸሁት፣ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት፣ ሲደርቅ ፊቴን ቀበርኩበት። ሳሙና ሳሙና ይላል። ራሴን ጅል ብዬ መሳደብ ልማዴ ነው፣ ያን ቀን ግን ከልቤ ነበር።

ሲመሽ መጡ፣ እዚያው፣ በአስካለ በኩል።

ጠዋት አንዷ አጎበሩ ውስጥ ገብታ ከትራሷ በላይ ተቀምጣለች፣ ሆዷ አብጦ መብረር አቅቷታል። በመዳፌ ጨፈለቅኳት፣ ቀይ ደም። ገላዬን ፈተሽኩ፣ ጀርባዬን በመስታወት ሳይቀር፣ እመነኝ፣ የተነደፈ ቦታ የለኝም።

መዳፌን ሳልታጠብ ለኦባንግ አሳየሁት።

"ሌላ ሰው ተኝቷል?"

"ማን ይተኛል?"

መዳፌን አየ፣ እኔን አየ፣ መኪናውን አስነስቶ ሄደ።

ዛሬም እዚያው ቤት ነኝ። ሲመሽ አጎበሩን ስዘረጋ፣ አስቀድሜ ፍራሹ ሥር የምወትፈው በእሷ በኩል ያለውን ጠርዝ ነው፣ በእጄ እየዳሰስኩ፣ ክፍተት እንዳይኖረው። ሽማግሌው ጃጀ በለኝ። ግን ወባ ሁለተኛ ብትይዛትስ?