ከቁርስ በኋላ የሚዋጥ

«እማዬ፣ ክኒንሽን በየቀኑ ትወስጃለሽ ወይ እያለችሽ ነው» አለች እየሩስ፣ የዶክተሯን ጥያቄ ስትተረጉም።

«እወስዳለሁ በያት» አለች እናቷ አሰለፈች፣ ዓይኗን ከጣሪያው ሳትነቅል።

ነጭ ውሸት ነው። ክኒኑ ከቁርስ በኋላ የሚዋጥ ነው፤ ፍልሰታ ከገባ ወዲህ ደግሞ አሰለፈች እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አትቀምስም። ቁርስ ከሌለ ክኒንም የለም። ሰዓቱን መቀየር ይቻል እንደሆነ እሷ አልጠየቀችም፣ የነገራትም የለም። ይኸው አሥራ አንድ ቀን ሆናት። ከትናንት ወዲያ፣ ላይኛው ፎቅ ያለው ሰውዬ በቧንቧው ውስጥ ስሜን ይጠራል ብላ የኩሽናውን ቧንቧ በፎጣ ጠቅልላዋለች።

አራት ዓመት ያከመቻት ዶክተር በሰኔ ጡረታ ወጥታለች። ይቺኛዋ ምትክ ናት፤ ሰው ሁሉ ባሕር ዳርቻ ሲንጋለል ነሐሴን ሮማ ውስጥ መሥራት የደረሳት ምስኪን። የአእምሮ ጤና ማዕከሉ ግማሹ ክፍል ተቆልፏል። አስተርጓሚ የሚባል ነገርም የለም፤ የአሰለፈች ጣልያንኛ ደግሞ ለገበያና ለጽዳት ሥራ እንጂ ለዚህ አይሆንም። ስለዚህ አስተርጓሚዋ የአሥራ አምስት ዓመቷ እየሩስ ናት።

«ቫ ቤኔ፣ ጥሩ» አለች ዶክተሯ እየጻፈች። «ደህና ከሆኑ ቀጣዩ ቀጠሮ ኖቬምብሬ ነው። ቤት ድረስ ትመጣ የነበረችው ነርስ ተዛውራለች፤ በቦታዋ ገና ሰው አልተመደበም።»

ሦስት ወር።

እውነቱን ብትናገር ምን እንደሚከተል ታውቃለች። የዛሬ ሁለት ዓመት እናቷን ሆስፒታል አስተኟት፤ እየሩስን ደግሞ ኦስቲያ የሚባል ሰፈር፣ የማታውቃቸው ሰዎች ቤት ላኳት። ሰዎቹ ክፉ አልነበሩም። እሷ ግን አርባ ቀን ሙሉ ትራስ ውስጥ ስታለቅስ ከረመች። ያኔ ሁለተኛ አፌን አልከፍትም ብላ ምላ ነበር።

«ሌላ የሚጨምሩት ነገር አለ?» አለች ዶክተሯ።

እየሩስ ተረጎመችላት።

«ደህና ነኝ በያት። ተነሽ እንሂድ እየሩስዬ፣ እዚህም ይሰሙናል።»

እየሩስ ፈርታለች፤ ግን አልተነሳችም።

«እናቴ ደህና ነኝ ብላለች» አለች በጣልያንኛ። «አሎራ፣ እንግዲህ ከዚህ በኋላ የምለው የእኔ ነው፤ የእሷ አይደለም።» ስለ ጾሙ፣ ስለ አሥራ አንዱ ቀን፣ ስለ ሰውዬው ድምፅ ነገረቻት። ዶክተሯ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«ምንድነው ይሄ ሁሉ ወሬ?» አለች አሰለፈች። «ምን አልሻት?»

ዋሽታ ማለፍ ትችል ነበር። እዚያ ክፍል ውስጥ ሁለቱንም ቋንቋ የሚያውቅ ሌላ ሰው የለም። እየሩስ ወንበሯን ወደ እናቷ አዞረችና፣ ለዶክተሯ ያለችውን ከመጀመሪያው ጀምራ፣ አንድም ሳታስቀር በአማርኛ ነገረቻት።