የተኛው ንጉሥ

ተኝቶ የተሣለ ሰው ከሞተ ሰው በምን ይለያል? ሥዕሉ ፊት ቆሜ የማስበው ይህንኑ ብቻ ነበር። ዓይኖቹ ተከድነዋል፤ አፉ ገርበብ ብሏል፤ ጥርሱ አጠገቡ ባለው ብርጭቆ ውስጥ ተነክሯል። ባለቤቴ ነው። ሰው ሁሉ «ንጉሡ» የሚለው፣ ዕድሜውን በሙሉ ቴአትር መድረክ ላይ ዘውድ ሲደፋ የኖረው ሰውዬ።

«ምነው ዝም አልሽ እማማ?» አለች የልጅ ልጄ ብሩሿን በጨርቅ እየጠረገች። «አልወደድሽውም አይደል?»

«ልብስሽን በቀለም አበላሸሽው» አልኳት።

ሚጢ እንላታለን። ስትወለድ እፍኝ የማትሞላ ስለነበረች ነው፤ አሁን በቁመት ትበልጠኛለች፣ ስሙ ግን አልለቀቃትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቴአትር ቤቱ ለንጉሡ የምስጋና ዝግጅት አሰናዳ። እሱ ከአልጋ መነሣት ስለማይችል በምትኩ ትልቅ ሥዕሉ አዳራሹ መግቢያ ላይ እንዲሰቀል ተባለ። «የእኛው ልጅ ትሣለው» ብላ ሚጢን ያጨቻት አክስቷ ናት፣ ትልቋ ልጄ። ሚጢም እሺ ብላ አያቷ ንጉሥ ሆኖ የሚታይበትን የድሮ ፖስተር ከግድግዳው አውርዳ ወለሉ ላይ ዘርግታ፣ በእርሳስ ካሬ ካሬ እያሰመረች ገለበጠችው። ዘውዱ፣ ያ ጥቅጥቅ ያለ ፀጉር፣ ያ እሳት የመሰለ ዓይን፣ ምኑም አልቀረም። ሁላችንም አጨበጨብንላት። የእሷ ፊት ግን አልፈታ አለ።

«ይሄ እኮ ፖስተር ነው» አለች። «እኔ መሣል የምፈልገው አባባን ነው።»

አባባን መሣል ግን ቀላል አይደለም። የእርሳስ ድምፅ በሰማ ቁጥር ሰውየው ይለወጣል። አገጩ ወደ ላይ፣ ጉንጩ ወደ ውስጥ፣ አንዱ ቅንድቡ ከፍ!

«አባባ፣ እባክህ ዝም ብለህ ተቀመጥ!»

«ዝም ብዬ አይደል እንዴ?» ይላታል በዚያው በንጉሥ ድምፁ። ከዚያ ሳሉ ይነሣበታል። ሳሉ ሲያባራ ቅንድቡ ተመልሶ ከፍ!

ስለዚህ ሲተኛ ጠበቀችው። ከምሳ በኋላ ሸለብ ሲያደርገው እኔ እግሩን በዘይት አሸዋለሁ፤ ያብጥበታል። ሚጢ ጥግ ላይ ወንበር ስባ ስትቀመጥ የቤት ሥራዋን የምትሠራ መስሎኝ፣ «ጀርባሽን ቀና አድርጊ፣ ትጎብጫለሽ» እላት ነበር። ለካ እኔንም እየሣለችኝ ኖሯል! ያ ያበጠ እግር በዘይት ወዝቶ በሁለቱ እጆቼ መሀል ተቀምጧል። ፊቴ ሥዕሉ ላይ የለም፤ እጆቼ ብቻ ናቸው። ፖስተሩ ደግሞ ከኋላ ግድግዳው ላይ ደብዘዝ ብሏል።

ዝግጅቱ ዛሬ ከሰዓት ነው። አክስቷ ሥዕሉን ልትወስድ ስትመጣ ሁለት ሥዕል ጠበቃት።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ለዝግጅቱ የሚሄደው» አለች ሚጢ።

«አብደሻል? ስንት ሰው ይመጣል! ጋዜጠኛ ይመጣል! ይሄን አይተው ‹አለቀለት› ሊሉ ነው!»

«ታዲያ አልታመመም?»

«ድምፅሽን ቀንሺ!» አልናት፣ እኔና ልጄ እኩል። እዚህ ቤት ያ ነገር ጮክ ተብሎ አይነገርም። ሐኪሙ ያለንን እኔና ልጄ እንኳ ደግመን አላነሳነውም። ጠያቂ ሲመጣ «ዛሬ ትንሽ ደክሞት ነው» እያልኩ ከበር እመልሳለሁ። ፂሙን ሳይላጭ፣ ጥርሱን ሳያደርግ ማንም አያየውም።

«ምን አካበዳችሁት?» አለች ሚጢ። «ሰው አይደል እንዴ? ያረጃል፣ ይታመማል። ሼሙ የቱ ጋ ነው?»

«ምን ትንሾካሾካላችሁ እዚያ?» የሚል ድምፅ ከመኝታ ቤት መጣ። «ስለ እኔ ከሆነ አምጡት፣ እኔም ልየው!»

ልሸፍነው እጄን ስዘረጋ ሚጢ ቀደመችኝ። ሥዕሉን ይዛ ገብታ ከአልጋው ግርጌ ወንበር ላይ አቆመችው። እኔ ጥርሱን ላቀብለው ብርጭቆውን ባነሳም በእጁ ገፋ አደረገኝ። ለረጅም ጊዜ አየው።

«ይሄ ሽማግሌ ማን ነው?» አለ።

ሚጢ ከንፈሯን ነከሰች። «አንተ ነህ አባባ።»

«ፀጉር ጨምሪልኝ።»

«አልጨምርም።»

«ትንሽ። እዚህች ጋ ብቻ።»

«የሌለ ነገር አልጨምርም!» ከሥዕሉ አጠገብ ንቅንቅ አላለችም።

«አየሽ?» አለች አክስቷ። «እሱም አልወደደውም።»

እሱ ግን አንገቱን ወደ ሥዕሉ ሰገግ አድርጎ ነበር። «እነዚህን እጆች አውቃቸዋለሁ» አለ ቀስ ብሎ። «ያ ሁሉ ፖስተር ሲለጠፍልኝ አንዱም ላይ አልነበሩም።»

እጆቼን ሽርጤ ስር ደበቅኳቸው።

«አባዬ፣ ሰው ያዝንብሃል እኮ» አለች ልጄ። ልታለቅስ ምንም አልቀራት።

«መድረክ ላይ ስንቴ ሞቻለሁ? በሰይፍ፣ በመርዝ፣ አንዴ እንኳ በፍቅር። በሞትኩ ቁጥር ቆመው ነው ያጨበጨቡልኝ። አሁን የምሬን ሲሆን ፊታቸውን ሊያዞሩብኝ ነው? ይሞክሯታ!» ሊስቅ ሲል ሳሉ ያዘው።

«የምሬን» አለ። መቼ ነው ያወቀው? ማን ነገረው? አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አልኩ።

«እሺ፣ የትኛው ይሂድ?» አለችው ልጄ።

«እኔን አትጠይቁኝ። እኔማ ፀጉር ያለውን ነው የምመርጠው» አለ ዓይኑን እየከደነ። «የሣለችው እሷ ናት።» ወዲያው እንቅልፍ ወሰደው፤ ወይም የተኛ መሰለ። የእሱ ነገር በምን ይታወቃል፣ ተዋናይ ነው።

ሥዕሉን ይዘን ወደ ሳሎን ስንመለስ አክስቷ ባለ ዘውዱን በአንሶላ ጠቀለለችው። «አለቀ። የሚሄደው ይሄ ነው።»

ሚጢ ጫማዋን አጠለቀችና ሌላውን ሥዕል አነሳች።

«የት ልትሄጂ ነው? አስቀምጪው አልኩሽ! እማዬ፣ ተናገሪያት እንጂ!»

ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። ልከለክላት ነበር፣ እውነቴን ነው። ያን የተከፈተ አፍ አይቶ ሰው ሲስቅ ታየኝ። ጋዜጠኛው ካሜራውን ሲያስጠጋ ታየኝ። ይህች ልጅም አንድ አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት ብቻዋን ቆማ ታየችኝ። አፌን ከፈትኩ።

«ጠርዝ ጠርዙን ያዥው» አልኳት። «ቀለሙ ገና አልደረቀም።»

ሚጢ ለአፍታ ትክ ብላ አየችኝ። ከዚያ የሥዕሉን ፊት ወደ መንገዱ አዙራ፣ ጠርዝ ጠርዙን ይዛ፣ በሩን በክርኗ ገፋ አድርጋ ወጣች።